የፌንጣ ሳይክል የማን ልክ ነው

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ ምን ይመስላል? ያ ደረጃ ስትወጪ ቋ የሚልብሽ ጉልበትስ? አባባስ እንዴት ነው፤ ይበላል ወይ፣ እንቅልፍስ ይወስደዋል፣ ወይስ አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር እኔ ልክፈት እያለ ይነሳል? ባልሽስ፣ ያ የማይለቀው ሳሉስ? ትልቋ ልጅሽ ጫማሽን መጋራት ጀመረች ያልሽኝ እውነት ነው? ትንሹስ፣ የወለቀችው ጥርሱ በቀለችለት? ሁላችሁንም ከደጅ እስከ ጓዳ እየዞርኩ ሰላም ብያለሁ፤ የዘለልኩት ካለ መጨረሻ ላይ አገኘዋለሁ፣ አይቀየመኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህን ከመጻፌ በፊት ውሸት እንዳይሆንብኝ አስቤበታለሁ፤ ውሸት አይደለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ታናሻችን ፌንጣ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን ከሥራ አልቀረሁም። ምን ሆነሻል ብትይኝ ግን መልሱን አላውቀውም። ብርድ ሲሆን ጣቴ ደንዝዞ መርፌ ሲወጋኝ አይሰማኝም፤ ጨርቁ ላይ ደሙን አይቼ ነው ለካ ተወግቻለሁ የምለው። እንደዚያ ነኝ። ደሙን ግን እስካሁን አላየሁትም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቁጣሽም አብሮ ደርሷል፤ ፖስታውን ስከፍት እጄን ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረው። ታናሻችንን የበላት ያ ሳይክል ነው፣ ሽጪው ወይ ጣይው፣ አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ እሱ ላይ መውጣት ጀመርሽ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብለሽ ጽፈሻል። የዶሮዋ ነገር አሳቀኝ፤ ማለቴ ይህ የሚያስቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ከታች ደግሞ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ የሚል አለበት፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶሽ ወረቀቱን ቀዶታል። ከጀርባው በጣቴ ስዳብሰው ይታወቀኛል።

ዛሬ እሑድ ነው። ታች ሱቁ ተዘግቷል፣ የስፌት መኪናው ተሸፍኗል፣ ካውያው ቀዝቅዟል። ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ፤ ከዚያ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ አትቆጪኝ፣ ከተቆጣሽም አንብበሽ ጨርሺና ተቆጪ።

መጀመሪያ የሳይክሉን ነገር እንጨርሰው። ሳይክሉ አልገደላትም እትዬ። ያን ቀን ጠዋት በሳይክል ሥራ መሄዷ እውነት ነው። ግን እስከ ምሳ ድረስ መጋዘኑ ውስጥ እንደ ወትሮዋ ጥቅል ስትለይ ዋለች፤ የሰውን የአድራሻ አጻጻፍ እያነበበች ባልደረቦቿን ስታስቅ ነበር አሉ። ከዚያ የእረፍት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ዳቦዋን እስከ ግማሽ በላች። ራሴን አመመኝ አለችና ግንባሯን ክንዷ ላይ ደገፍ አደረገች። አጠገቧ የነበሩት ደክሟት ተኛች ብለው፣ እንዳትረበሽ ብለው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው ያወሩ ነበር። ሐኪሙ አስቀምጦ ነገረኝ፤ ከልደቷ ጀምሮ ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረ የሳሳ የደም ሥር ነው፤ ብትነዳም ባትነዳም፣ ቤት ተኝታ ብትውልም አይቀርም ነበር አለ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠኝ። ሳይክሉ ውጭ በር ላይ እንደታሰረ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ሄጄ የፈታሁት እኔ ነኝ።

ቀብሯ ላይ እንዳላለቀስኩ ሰዎች ነግረውሻል። እውነታቸውን ነው። አጠገቤ የቆመችው ነርሷ ነበረች፤ ነርሷ የምልሽ የፌንጣ የሳይክል ጓደኛ ናት፣ የሕፃናት ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ አፏ የማይዘጋ፣ ቁመቷ እንደኔ ድንክ የሆነች ሴት። የካፖርቷ እጅጌ ብብቷ ሥር ተተርትሮ አየሁ። ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ከቦርሳዬ መርፌና ክር አወጣሁና እዚያው እንደቆመች ሰፋሁላት። እሷ እያለቀሰች ክንዷን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። ዘወር ብሎ ያየኝ ሁሉ አብዳለች ሳይል አልቀረም። አንቺም በስልክ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም፤ ልክ ነሽ። አንጀቴን የት እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ነርሷ አንድ ቀን ሱሪ ይዛ ወደ ሱቅ መጣች። ሱቃችንን አታውቂውም፤ በቁልፍ ሠሪና በጫማ ጠጋኝ መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ቤት ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ በጎኑ ነው የሚቆመው። አሳጥሪልኝ አለች። አስለብሼ ተንበርክኬ እስፒል በአፌ ይዤ ሳየው ሱሪው ልኳ ነው፤ ምንም የሚያጥር የለውም። ቀና ብዬ አየኋት። እስፒሎቹን ከአፌ እስካወጣ እንኳ አልጠበቀችም፣ ያመጣትን ነገር ዘረገፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ፌንጣ የተዘጋጁበት አንድ ረጅም የተራራ ጉዞ አለ። ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፣ ተራራውን ይዞራሉ፣ ጫካውን ያቋርጣሉ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። ውድድር አይባልም፤ ቀድሞ ለገባ ሽልማት የለውም፣ ዋናው ጨርሶ መግባት ነው። ደንቡ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሄድ ነው፤ ሁለቱ አብረው ካልገቡ አንዷ ብቻዋን ጨረሰች አይባልም። ስለዚህ ነርሷ ወይ ትታው ትቀራለች፣ ወይ ሌላ ሰው በፌንጣ ቦታ ይገባል። አንቺ ግቢ አለችኝ። የኔ እግር የሚያውቀው የስፌት መኪና ፔዳል ነው አልኳት። እሱም መርገጥ ነው አለች። ለምን እሺ እንዳልኩ አልነግርሽም፣ አላውቀውማ። እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ቀለለኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። እትዬ ሳትመርቀኝ አልሄድም ብያታለሁ። እማማ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ፤ ፌንጣ እንኳ ያን ሁሉ ዝላይዋን ትዘል የነበረው አንቺ እሺ ካልሽ በኋላ ነበር። ነርሷም እጠብቃለሁ ብላለች። እንግዲህ የሁለታችንም ጉዞ አሁን አንቺ እጅ ላይ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ ወደ ሳይክሉ ልመለስ።

መቼም የፌንጣ ሳይክል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አላሰብኩም። የታላቅን ልብስ ታናሽ ይለብሳል፤ የኛ ቤት ሕግ ይኸው ነበር። አንቺ አዲስ ትለብሻለሽ፣ ከአንቺ ወደ እኔ ይወርዳል፣ ከእኔ ወደ ፌንጣ። ከታች ወደ ላይ የወጣ ልብስ ግን አይተን አናውቅም። እና የታናሼን ዕቃ ሳወርድ እጄ ትንሽ ከበደው፤ ግን ሁለት ጎማ ነው፣ አጥብቤና አሳጥሬ እለብሰዋለሁ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሳስተካክል ኖሬ አንድ ሳይክል ያቅተኛል?

ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረድኩት። ወደፊት ገፋሁት። መሪውን ወደ እኔ የሚያቀርብ አጭር ብረት አስገዛሁ። እንደዚያም ሆኖ ስቀመጥበት ጎረቤት ቤት በመስኮት የምሰርቅ ነው የምመስለው፤ ተንጠራርቼ፣ ተንጠልጥዬ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው፤ ያሳጠርኩት ሁሉ ዞሮ እኔኑ ጎዳኝ። በየእሑዱ ከነርሷ ጋር ወጣን። አንገቴ ደረቀ፣ ጉልበቴ ከፊት በኩል ይወጋኝ ጀመር፣ የሁለቱም እጆቼ ትናንሽ ጣቶች ደነዘዙ። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ኋላ ግን እስከ ማግስቱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙም አልከፋኝም ነበር። ቢያንስ ጣቶቼ ከሌላው አካሌ ጋር ተስማሙ አልኩ።

የከፋው ባለሱቋን ነው። አንድ ሰኞ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም ስፌቱ እባብ የሄደበት መስሎ ወጣ። ባለሱቋ ቀሚሱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ወይ ሳይክሉን ወይ መርፌውን አለችኝ። ወይም ልክሽ የሆነ ሳይክል አለች። ነገ ከሰዓት አትግቢ፣ ሄደሽ አስለኪ ብላ ስፌቱን ራሷ መፍታት ጀመረች።

ሳይክል ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ከሩቅ ጎማ ጎማ ይሸታል፣ ከጣሪያው ላይ ቸርኬዎች እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ተሰቅለዋል። ባለቤቱን ፌንጣ ባለ ሁለት መነጽር ትለው ነበር፤ አንዱን አፍንጫው ላይ፣ አንዱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሦስተኛ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ሳይክሏን እየገፋሁ ስገባ ሳይክሉን ነው መጀመሪያ የለየው። እህቷ ነሽ አለ። አዎ አልኩ። ውጪበት እስቲ አለ። ስወጣበት ሳቁ አመለጠውና አፉን በእጁ ያዘ። ሳቅ፣ አልኩት፣ እኔም ብችል እስቅ ነበር።

ያለኝን ልንገርሽ። ኮርቻ ይወርዳል፣ መሪ ይቀርባል አለኝ። ቴላዮው ግን፣ ማለትም ይህ ዋናው የሳይክሉ አጥንት፣ አያጥርም። ለሰፈር መንገድ ይሁን፣ ትንሽ ቢሰፋሽም ችለሽው ትመለሻለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ስትውይ ግን የጣት ስፋት ያህል ስህተት ማታ ላይ ሕመም ሆኖ ይጠብቅሻል አለኝ። እኔ ደግሞ ተከራከርኩት፤ ሃያ ዓመት ስሠራ የማይስተካከል ልብስ አላየሁም አልኩት። ሳይክል ልብስ አይደለም አለኝ፤ ልብስ አንቺን ይከተላል፣ እዚህ ግን የምትከተይው አንቺ ነሽ። በዚያ ላይ አሁኑኑ ምረጥልኝና ልሂድ ስለው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ።

እትዬ፣ ሳይክል መምረጥ ይህን ያህል ወሬ አለው ብዬ አላሰብኩም። የትኛው ያምርሻል ብሎ አልጠየቀኝም። ስንት ሰዓት ትቀመጪበታለሽ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው አፈር፣ ምን ትሸከሚያለሽ፣ ወገብሽን ያምሻል ወይ አለ። ወገብ የማያመው ልብስ ሰፊ አምጣልኝ አልኩት። እንግዲያውስ ብሎ ጀመረ። ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ቀላል ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበትሽን አይበላም። ከኋላም ሞላ ያለው ይከብዳል፣ ግን ድንጋዩን እሱ ይቀበልልሻል፤ ለጥቂት ሰዓት የመጀመሪያው፣ ለሙሉ ቀንና ለታመመ ወገብ ሁለተኛው ይሻላል። ትልቅ ጎማ ከትንሽ ጎማ ይልቅ ጉድጓዱን ዘልሎት ይሄዳል። ማርሹ ላይ ከኋላ እንደ ሳህን የሰፋች ጥርስ ትኑርበት፤ ዳገቱ ሲብስ ቀስ ብለሽ፣ እግርሽ ግን ሳይቆም፣ ልክ እንደ ስፌት መኪናሽ ቶሎ ቶሎ ይዞራል አለኝ። በስፌት መኪና መስፋቴን ማን እንደነገረው እያሰብኩ ነበር፤ ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ለካ የመጣሁት።

ፍሬኑ በአንድ ጣት የሚያዝ ይሁን አለኝ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ በሙሉ እጇ ስትጨብጥ የዋለች ሴት ማታ የበር እጀታ ማዞር ያቅታታል። ኮርቻ ላይ ደግሞ እኔ ሰፊውንና ለስላሳውን ሳማትር፣ ያ ለመቀመጫ እንጂ ለመንገድ አይደለም ብሎ ካርቶን ላይ አስቀመጠኝና የመቀመጫዬን አጥንቶች ምልክት ለካው። ይህን ለባልሽ አታንብቢለት። ጎማው ውስጥ አየር የሚሞላ የውስጥ ላስቲክ የሌለበት፣ በምትኩ አንድ ነጭ ፈሳሽ ያለበት ዓይነት አለ፤ እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወጥቶ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል፣ የነጂው ሥራ መንዳት ብቻ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ አስነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰውም ቢኖር ብዬ አስቤ እንደሆን አላውቅም፤ ብቻ ሁለት ጊዜ አስነገርኩት። በጣም ቀላል የሆነውን ውድ ሳይክል ሳነሳ ደግሞ፣ የሚቀንሰው የአንድ ጠርሙስ ውሃ ክብደት ነው፣ ከሱ ይልቅ አንቺ ማታ ማታ ዳቦ ቀንሺ አለኝ። አፉ ይቆረጥ አልልም፣ እውነቱን ነው።

ከዚያ በይ ምረጪ አለኝና ወደ ሌላ ሰው ዞረ። በረድፍ ከቆሙት አንዱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። መጥቶ አየና ቅንድቡን ሰቀለ፤ ውጪበት አለኝ። የእግሬ ጣት መሬት አልነካም። ሌላ መረጥኩ፣ ያም እንደዚያው። ሦስተኛውንም እንደዚያው። ሰውዬው ልክሽን ንገሪኝ አለ፣ የውስጥ እግርሽን፣ ልብስ ሰፊ አይደለሽ? ሳላስብ ቁጥሩን ጠራሁለት። ከግንባሩ መነጽሩን አወረደ። ይህ ያንቺ አይደለም አለኝ፣ ለማን ነው የምትገዢው? ለእህቴ አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት እትዬ። ለእህቴ። አፌ ነው ያለው። የሰው ልክ ሁሉ በቃሌ ነው፤ የባለሱቋን፣ የቁልፍ ሠሪውን፣ የፌንጣን። የራሴን ግን ለክቼ አላውቅም፤ ምን ያደርግልኛል፣ የምለብሰው የተረፈውን አሳጥሬ ነው። ሰውዬው ቀረብ አለ። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አንስቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ግድግዳው ጋ አቁሞ ለካኝ። የኔን ቁጥር በሰው አፍ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አጭር ቁጥር ነው። ከዚያ ከጓዳ አንድ ሳይክል አወጣ፤ ግራጫ ነው፣ ያምራል አልልሽም፣ ሽማግሌ አህያ ይመስላል። ስወጣበት ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ።

ባለፈው እሑድ ተራራው ሥር ድረስ ወሰድኩት። ከንጋት እስከ ከሰዓት ቆየን። ጣቶቼ አልደነዘዙም። ጉልበቴም አልወጋኝም። ሌላው እንዳለ ነው፤ ተሻለኝ ብዬ እንዳላታልልሽ። ግን ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ሸተተኝ። ነርሷ እንኳ ዳገቱ ላይ አፏ ተዘጋ። አናቱ ላይ ስንደርስ ፌንጣ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትዘፍን ነበር አለችና አለቀሰች። እኔ ውሃ ሰጠኋት። መሀረብም ሰጠኋት። ከዚያ ወረድን።

አሁን ወደ ልመናዬ መጣሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ከሱቁ በላይ፤ ሁለት ሳይክል ሲገባባት እኔ ነኝ የምወጣው። አንቺም ሽጪው ብለሻል። ስለዚህ ትናንት የፌንጣን አወረድኩና ለሰው እንዲታይ ልወለውለው፣ ኮርቻውንም ወደ ቦታው ልመልሰው ተቀመጥኩ። ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ ላይ ጭረት አለ፤ ዓመታት ሙሉ እዚያው ላይ ታስሮ ስለኖረ መስመር ሠርቷል። ኮርቻውን እስከዚያ መስመር ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ መስመሩን እያየሁ ቁጭ አልኩ።

ያ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቀሚስ ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ያንቺ ነበር። ለኔ ሲደርስ መሬት ይጠርግ ስለነበር አጥፌ ሰፋሁት፤ የሕይወቴ የመጀመሪያ ስፌት እሱ ነው፣ ለዚህም ነው መርፌ ብላችሁ የሰየማችሁኝ። ኋላ ፌንጣ ተመዘዘችና ለእሷ ልፈታው ሆነ። ስፌቱን ተርትሬ ሳወርደው ጨርቁ ላይ የተተኮሰ ያህል የሚታይ አንድ አሮጌ እጥፋት አለ፣ ያንቺ ጊዜ የነበረው። አዲስ ልክ ልወስድላት ሳቆማት እዚያው ላይ ነው ያረፈው። አልለካኋትም፣ ያንቺው መስመር ላይ ሰፋሁት። ከዚያ ወዲህ ላንቺ የተሰፋ ሁሉ ለእሷ ልክ ነበር፤ ሁለታችሁ የአባባን እግር ወሰዳችሁ፣ እኔ የእማማን። መሃል ላይ ሆኜ ሳጥፍና ስፈታ ኖርኩ።

ገባሽ? ይህ ሳይክል የኔ ልክ አይደለም፤ ለገበያም አይወጣም። ያንቺ ልክ ነው።

እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ለምን እንደምትቆጪም አውቃለሁ፣ በደብዳቤሽ ባትጽፊውም። በአባባ ትልቅ ሳይክል፣ በአጥንቱ መሃል እግሯን አሾልካ እንድትረግጥ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዘሽ እየሮጥሽ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። እኔ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። ስትለቂያት አላወቀችም፤ የያዝሻት መስሏት እስከ ጥግ ነዳች። ያኔ ባላስተምራት ኖሮ ትያለሽ ለራስሽ። አትበይ። ሐኪሙን ሁለት ጊዜ የጠየቅሁት ለኔ መስሎሻል? አንዱ ላንቺ ነበር። የደም ሥሯን አንቺ አልሰጠሻትም፤ የሰጠሻት ያንን መንገድ ነው፣ እሱንም እስከ መጨረሻው ቀን ጠዋት ድረስ ተደስታበታለች።

በዚያ ላይ ያንቺ ሐኪም ምን አለሽ? ለጉልበትሽ ሳይክል ርገጪ ያለሽ ለጌጥ መሰለሽ? ልኩ የሆነ ሳይክል ከእግር መንገድ ይልቅ ለጉልበት ይቀላል ይላል ባለ ሁለት መነጽርም። ፈትቶ በሳጥን አሽጎ ሊልክልኝ ተስማምቷል። አዲስ አይደለም እትዬ። መሪው ላይ መዳፏ የያዘበት ቦታ ሳስቷል፣ ቴላዮው ጎን ላይ ወድቃ የተጫረበት አለ። አንቺ በሕይወትሽ የሰው ልብስ ለብሰሽ አታውቂም፤ ሁሉም ነገር ላንቺ አዲስ ነበር፣ ለኛ ያንቺ ትርፍ። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ግን ልብስ ሰፊ በግምት አይሠራም። ስለዚህ የውስጥ እግርሽን ልክ ላኪልኝ። የፌንጣን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እሱን ግን አልጽፍልሽም፣ አይተሽ ያንቺን ወደ እሱ እንዳታጠጋጊው። ቁጥርሽ በመጣ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አያለሁ። ምናልባት ያን ጊዜ አለቅስ ይሆናል፣ ምናልባትም አላለቅስም፤ ቃል አልገባም። የምርቃቱንም ነገር አንቺ ቃል ማውጣት ስለማይሆንልሽ አላስጨንቅሽም። ልኩን ከላክሽልኝ ሂጂ፣ በሰላም ተመለሽ ብለሽኛል ማለት ነው፤ ለነርሷም እንደዚያው እነግራታለሁ። ካልላክሽ እንቀራለን፤ አልቀየምሽም።

አለካኩ ቀላል ነው፣ ለሁላችሁም የሚደርስ ሥራ አለው። ትልቋ ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ሽፋኑ ደረቅ የሆነ መጽሐፍ ታምጣና በእግሮችሽ መሃል እስከሚቆም ወደ ላይ አስጠግታ ትያዝልሽ። ትንሹን ጥርሱ በቀለችም አልበቀለችም ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ፤ የሜትሩን ጫፍ ወለሉ ላይ ረግጦ ይያዝ፣ እንዳይስቅ ንገሪው። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱ ቁጥሩን ያንብብ፣ እንደ ሁልጊዜው ጨምሮ እንዳይናገር። አባባን ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ግድግዳው ላይ ምልክቱን እሱ ያድርግ፣ ሁላችንንም በር መቃኑ ላይ እያቆመ ሲለካን የነበረው እሱ አይደል? እጁ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፣ እርሳሱን እሱ ይያዘው።

አንቺ ግን ጫማሽን አውልቂና ግድግዳውን ተደግፈሽ ዝም ብለሽ ቁሚ።

እህትሽ መርፌ
ከልብስ ማስተካከያው በላይ ካለችው ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን